ከዛፉ በፊት ጥያቄው፦ የማሽን መዝገብ ሶፍትዌር እንዲሻሻል ስለመጠየቅ ከተሞክሮዬ

የአንድን ፋብሪካ ማሽኖች በኮምፒዩተር መዝግቦ መያዝ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ማሽኖቹን መቁጠር፣ ኮድ መስጠት፣ «ይህ የዚያ አካል ነው» እያሉ በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። የንብረት መረጃ ሶፍትዌሮችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ከላይ ድርጅቱ፣ ከሥሩ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ሥር የሥራ ክፍሉ፣ ከዚያ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ሥር ሞተሩ፣ ከሞተሩ ሥር ኩሽኔታው ይቀመጣል። ይህን እንደ ተገለበጠ ዛፍ ወደ ታች እየሰፋ የሚወርድ አደረጃጀት ተዋረድ እንለዋለን። ችግሩ የሚመጣው መዝገቡ ተሞልቶ ሰዎች መጠየቅ ሲጀምሩ ነው። አንዱን ክፍል ያስደሰተው ተዋረድ ሌላውን ያስቸግራል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ «አንዱን ምረጡ» ይላል።

እኔ የምሠራው በጥገና፣ በኤሌክትሪክና በሂሳብ ክፍሎች በአንድ በኩል፣ በሶፍትዌር አቅራቢዎች በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው ቆሜ ነው። ፋብሪካው የሚፈልገውን ሰምቼ አቅራቢው ሊሠራው በሚችል መልክ እጽፋለሁ። ከላክናቸው የማሻሻያ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ተሠርተው መጥተዋል፤ አንዳንዶቹ «ከሲስተሙ አሠራር ጋር አይሄድም» ተብለው ተመልሰዋል። በሁለቱ መካከል ያየሁት ልዩነት ይህ ነው፦ «ተዋረዱ ልል ይሁንልን» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል፤ «ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻልንም» የሚለው ሰሚ ያገኛል። የሚከተሉት ትምህርቶች ሁሉ ከዚህ የሚወጡ ናቸው። ምሳሌዎቼን ከሲሚንቶ ፋብሪካ እወስዳለሁ፤ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

1. ተዋረድ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው

የምርት ኃላፊው ዓይን የድንጋዩን ጉዞ ይከተላል። የኖራ ድንጋዩ ይሰበራል፣ ከሸክላ አፈር ጋር ይፈጫል፣ በማሞቂያው (ፕሪሂተሩ) ወርዶ ኪልን በተባለው ምድጃ ውስጥ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። ክሊንከር ሆኖ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ከጂፕሰም ጋር ዳግም ተፈጭቶ ይታሸጋል። የእርሱ ተዋረድ ክሬሸር፣ የጥሬ ዕቃ ወፍጮ፣ ኪልን፣ ማቀዝቀዣ፣ የሲሚንቶ ወፍጮ፣ ማሸጊያ እያለ ይሄዳል።

የኤሌክትሪክ ኃላፊው መንገድ ሌላ ነው። ከሰብስቴሽን ተነሥቶ በትራንስፎርመር ያልፋል፤ ወደ ሞተር መቆጣጠሪያ ፓነል ይወርድና ሞተሩ ላይ ያበቃል። አንዱ ፓነል የሁለትና የሦስት ምርት ክፍሎችን ሞተሮች ሊመግብ ይችላል። የሂሳብ ሹሟ ንብረቱ መቼ እንደተገዛ፣ በስንት እንደተገዛና በስንት ዓመት እንደሚያረጅ ትጠይቃለች። የደህንነት ባለሙያው ሕንፃውንና ፎቁን ይፈልጋል፤ እሳት ሲነሣ ሰው የሚወጣው ከሕንፃ ነውና።

አንዱ የፋን ሞተር በአራቱም ውስጥ አለ። አንድ ሰው በቤተሰቡ የአባቱ ልጅ፣ በመሥሪያ ቤቱ የአንድ ክፍል ባልደረባ፣ በሰፈሩ የእድር አባል ነው፤ እድር ስለገባ ከቤተሰቡ አይፋቅም። ሞተሩም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ «ትክክለኛው ተዋረድ የማን ነው?» የሚል ክርክር ሲነሣ አሁን አልገባበትም። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። አቅራቢውን መጠየቅ ያለብን አንዱ ሞተር አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቦ፣ ሳይባዛ በአራቱም መንገድ እንዲገኝ ነው።

2. «ሥሩ ነው» እና «ይመግበዋል» አንድ አይደሉም

የኮምፕረሰሩን ጉዳይ ሳልነግር ይህን ማስረዳት አልችልም። በሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ የሚይዙት የከረጢት ማጣሪያዎች ከረጢታቸውን የሚያራግፉት በታመቀ አየር ምት ነው። አየሩ ሲቋረጥ አቧራው ከረጢቱ ላይ ይጋገራል፣ ፋኑ ጋዙን መሳብ ያቅተዋል፣ በመጨረሻ ወፍጮው ወይም ኪልኑ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ኪልን ሲቆም ደግሞ የምርት መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የተደረደረው የእሳት ጡብ በሙቀቱ መለዋወጥ ይጎዳል።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፕረሰሮቹ የተመዘገቡት በማሸጊያ ክፍል ሥር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቤታቸው የተሠራው ከማሸጊያው አጠገብ ነው። በዚህ የተነሣ የኮምፕረሰር ብልሽት ሁሉ በሪፖርት የሚታየው የማሸጊያ ችግር ሆኖ ነው፤ የኪልኑ መቆም ደግሞ «ሌላ ምክንያት» በሚል ሳጥን ውስጥ ይገባል። አዲስ ኮምፕረሰር እንዲገዛ የጥገና ክፍሉ ሲጠይቅ ማስረጃው ከማሸጊያ ክፍል መጣ፤ ማሸጊያ ለግማሽ ቀን ቢቆም ማን ይደነግጣል?

የመጀመሪያው አሳብ ኮምፕረሰሩን በኪልን ሥርም እናስገባው የሚል ነበር። ነገር ግን ኮምፕረሰሩ የኪልኑ አካል አይደለም፤ ይመግበዋል እንጂ። በአካልነት ሥር ብናስገባው ኪልኑ ለእድሳት ሲወርድ ሲስተሙ ኮምፕረሰሩንም ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ትክክለኛው ጥያቄ የግንኙነት ዓይነት እንዲኖር ነው። ለሕንፃዎች መረጃ የተዘጋጀው ብሪክ የተባለው ሞዴል «አካሉ ነው»፣ «ይመግበዋል»፣ «እዚህ ቦታ ይገኛል» የሚሉትን ለያይቶ ይይዛል። በኢንዱስትሪ አውቶሜሽን የታወቀው ኦፒሲ ዩኤ እያንዳንዱን ማያያዣ በዓይነቱ ይሰይማል። እነዚህን ጠቅሶ የሚጽፍ ሰው ሕልም እያወራ እንዳልሆነ አቅራቢው ይረዳል።

3. ጥያቄያችሁ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ

«ተዋረዱ ተለዋዋጭ ይሁን» በሚለው ቃል ውስጥ አራት የተለያዩ ፍላጎቶች ተደብቀው አይቻለሁ። አንደኛው ያልተስተካከለ ጥልቀት ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት እርከን፣ ሌላው ሰባት እንዲሆን። ሁለተኛው ብዙ ተዋረድ ነው፤ አንዱ ማሽን በምርትም በኤሌክትሪክም መንገድ እንዲታይ። ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ተዋረዱ ሲለወጥ ያለፈው እንዳይጠፋ። አራተኛው ቅድም ያነሣሁት ነው፤ ከአካልነት ውጭ የሆነ ግንኙነት።

ለፕሮግራም አዘጋጁ እነዚህ አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ በመጠነኛ ለውጥ የሚያልቅ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው የዳታቤዙን መሠረት ይነካል። አራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ የላከ ሰው ከአራቱ የከበደው ዋጋ ይነገረዋል፤ ከዚያም ቀላሉም አብሮ ይቀራል። ለያይቶ የላከ ግን ቢያንስ አንዱን ቶሎ ያገኛል።

4. እርከን ለመሙላት ብላችሁ እርከን አትፍጠሩ

ለነዳጅና ጋዝ ኢንዱስትሪ የተዘጋጀው አይኤስኦ 14224 ዘጠኝ እርከኖች አሉት። ከ1 እስከ 5 ያሉት ንብረቱ የት እንደሚያገለግል ይናገራሉ፤ ኢንዱስትሪው፣ የሥራ ዘርፉ፣ ተቋሙ፣ ፕላንቱ፣ ሲስተሙ። ከ6 እስከ 9 ያሉት መሣሪያውን እስከ መለዋወጫው ድረስ ይከፋፍላሉ። ጥሩ መመሪያ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሶፍትዌርና አንዳንድ አማካሪ ዘጠኙን እንደ ግዴታ ፎርም ያስሞላል።

ኪልን ብዙ እርከን ይፈልጋል። የመኪና ሚዛን ግን ሁለት ይበቃዋል። ሲስተሙ መሐሉን ባዶ መተው ሲከለክል መዝጋቢዎች «አጠቃላይ»፣ «ልዩ ልዩ»፣ «ሚዛን 1» ከሥሩ ደግሞ «ሚዛን 1» እያሉ ይሞላሉ። ከጊዜ በኋላ የብልሽት ሪፖርት ሲወጣ በብዛት ከተበላሹት «ማሽኖች» አንዱ «ልዩ ልዩ» ሆኖ ይገኛል። ለአቅራቢው ማስረጃ ስፈልግ መጀመሪያ የማደርገው ከመዝገቡ እነዚህን የውሸት ስሞች ለቅሞ ማውጣት ነው። ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያ ዝርዝር ይናገራል፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ያስፈጠራቸው ናቸውና።

5. ቦታውንና ዕቃውን ለያይቶ የማይዝ ተዋረድ ታሪክ ያጠፋል

የጥሬ ዕቃ ወፍጮው ጊርቦክስ ተበላሽቶ ይነሣል። ወርክሾፕ ገብቶ ሲጠገን በምትኩ መጠባበቂያው ይገጠማል። የተጠገነው በወሩ የሲሚንቶ ወፍጮው ላይ ይገጠማል። እዚህ ላይ ሁለት ታሪኮች አሉ። አንዱ የቦታው ነው፦ «በዚህ ወፍጮ ላይ የሚገጠም ጊርቦክስ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል?» ከተባለ መልሱ የመሠረቱን መዋዠቅ ወይም የጭነቱን ብዛት ሊያሳይ ይችላል። ሌላው የዕቃው ነው፦ «ይህ ሴሪያል ቁጥር ያለው ጊርቦክስ የትም ቢገጠም ይበላሻል?» ከተባለ ችግሩ ከጥገናው ወይም ከአምራቹ ሊሆን ይችላል።

ጊርቦክሱ በተዋረዱ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ከሆነ ሁለቱ ታሪኮች ይደባለቃሉ። ይህን መለየት አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ኤስኤፒ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን በሁለት መዝገብ ይይዛል፤ መሣሪያው ይገጠማል፣ ይነሣል፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ይቀራል። የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የአይኢሲ የጋራ መረጃ ሞዴልም በኔትወርኩ ላይ ያለውን ሚና ከሚጨበጠው ዕቃ ይለያል። ስለዚህ ሶፍትዌራችሁ ይህ ከሌለው ከተዋረድ ማሻሻያ ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ። ቦታና ዕቃ ሳይለዩ ተዋረድ ማብዛት ድብልቁን ማብዛት ነው።

6. ቀን የሌለው ተዋረድ ያለፈውን ዓመት ይቀይራል

የማጓጓዣ ቀበቶዎቹ ከጥሬ ዕቃ ክፍል ወደ ኪልን ክፍል ተዛወሩ እንበል። መዝጋቢው በመዳፊት ጎትቶ ያዛውራቸዋል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሚቀጥለው ቀን የአምናው ሪፖርት ሲታተም የጥሬ ዕቃ ክፍል የጥገና ወጪ ቀንሷል፣ የኪልን ጨምሯል። ማንም አንድ ብር አልነካም። ሲስተሙ የሚያውቀው የዛሬውን ተዋረድ ብቻ ስለሆነ ያለፈውንም በዛሬው መነጽር ደመረው።

በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተነሥቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የክፍል ለውጥ ግን ሐምሌን አይጠብቅም። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ እያንዳንዱ የተዋረድ ትስስር «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል እንዲይዝ፣ ሪፖርት አውጪውም «በዚያን ጊዜ በነበረው ተዋረድ» ወይስ «በዛሬው» ብሎ እንዲመርጥ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኦዲተሩ የዚያን ጊዜውን ይፈልጋል፤ ሁለት ዓመት አነጻጽሮ ማየት የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሁለቱንም ዓመት በዛሬው ተዋረድ ማየት ይፈልጋል። ይህን የምታስረዳልኝ ብዙ ጊዜ የሂሳብ ሹሟ ናት። የተዘጋ ሂሳብ ሲቀያየር እርሷ የምትጨነቀውን ያህል ማንም አይጨነቅም፤ ጥያቄው ላይ የእርሷ ፊርማ ሲኖር ክብደቱ ይጨምራል።

7. የሂሳብ ክፍሉ ተዋረድ የጥገናው ቅጂ አይደለም

የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ገብተዋል። ከእነዚህ ውስጥ አይኤኤስ 16 ዋጋው ከጠቅላላው አንጻር ጉልህ የሆነ የንብረት ክፍል ለብቻው እንዲያረጅ ያዛል። በየተወሰነ የሥራ ሰዓት ሽፋኑ የሚታደስን ምድጃም በምሳሌነት ያነሣል። ለእኛ ይህ የኪልን የእሳት ጡብ ማለት ነው። የኪልኑ ቅርፊት ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ ጡቡ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ዛፍ እንስማማ ብለው ሲታገሉ አይቻለሁ። ጥገናው ጡቡን በኪልኑ ርዝመት፣ በሜትር እየከፋፈለ መያዝ ይፈልጋል፤ የትኛው ላይ ሙቀቱ ከቅርፊቱ ውጭ እንደታየ ለማወቅ። ሂሳቡ አንድ ንብረት፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ዋጋ ይፈልጋል። በተቃራኒው ደግሞ ሂሳቡ ግንባታና ማስገጠሚያውን ለያይቶ ይመዘግባል፤ ጥገናው ለዚህ ልዩነት ጉዳይ የለውም። የሚያስፈልገው ዛፎቹን ማዋሐድ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል «እነዚህ የጥገና መዝገቦች ከዚያ የሂሳብ ንብረት ጋር ይገናኛሉ» የሚል ድልድይ ነው። ብዙን ከአንድ፣ አንድንም ከብዙ የሚያገናኝ ይሁን።

8. ኮዱ ላይ አድራሻ አትጻፉ

ብዙ ፋብሪካ የማሽኑን ቦታ ኮዱ ውስጥ ያስገባል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ክፍሉን፣ ሁለተኛው መስመሩን፣ ሦስተኛው የማሽኑን ዓይነት ይነግራል። ለሠራተኛው ደስ ይላል፤ ኮዱን አይቶ ማሽኑን ያውቀዋል። አንዳንድ ሶፍትዌርም ከኮዱ አጻጻፍ ተነሥቶ የበላዩን ራሱ ያገኛል። ማሽኑ ሲዛወር ግን ኮዱ የድሮ ሰፈሩን እየተናገረ ይቀራል። ኮዱን ልቀይር ቢሉ የሥራ ትዕዛዙ፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩ፣ ማሽኑ ላይ የተበየደው ታርጋ ሁሉ አብሮ ይነካል።

ስለዚህ ከተዋረድ ማሻሻያ ጋር አብሬ የምጠይቀው ሲስተሙ ለራሱ ትርጉም የለሽና የማይለወጥ መለያ እንዲይዝ፣ ሰው የሚያነበው ኮድ ደግሞ ተለዋጭ ስም እንዲሆን ነው። አንድ ማሽን ሦስት ኮድ ቢኖረው ምንም አይደለም፤ የአምራቹ፣ የኤሌክትሪክ ሥዕሉ፣ የፋብሪካው። ፍለጋው በሦስቱም ያግኘው።

9. አቅራቢው «ይህን ማንም አልጠየቀም» ሲል መልስ ይኑራችሁ

ጥያቄው የዳታቤዝን ታሪክ ያህል ያረጀ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ለአፖሎ ፕሮግራም የዕቃ ዝርዝር ሲል የጀመረው አይኤምኤስ መረጃን በዛፍ መልክ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የዚያው ድርጅት ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ዛሬ የምንጠቀምበትን የሠንጠረዥ ዳታቤዝ መሠረት የጣለ ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ውስጥ ዕቃዎችንና ፕሮጀክቶችን ይዞ ዕቃው ከፕሮጀክቱ ሥር፣ ፕሮጀክቱ ከዕቃው ሥር እያለ አምስት አደራደር ይደረድራል። ለአንዱ አደራደር የተጻፈ ፕሮግራም አደራደሩ ሲለወጥ እንደሚወድቅ ያሳያል። የፋን ሞተራችን ጉዳይ ያው ነው።

ደረጃዎቹም ከእኛ ጋር ናቸው። አይኢሲ 81346 አንዱን ነገር በሦስት በኩል ይሰይመዋል፤ በሚሠራው ሥራ (=)፣ በተሠራበት አካል (−)፣ በሚገኝበት ቦታ (+)። ሦስቱም የየራሳቸው ተዋረድ አላቸው። በገበያ ካሉት ውስጥም የአይቢኤም ማክሲሞ አንዱን ቦታ በብዙ «ሲስተም» ውስጥ ማስገባት ይፈቅዳል፤ አንዱን ዋና ያደርገዋል። የአቬቫ ፒአይ ደግሞ አንዱን መዝገብ ጠንካራና ደካማ በሆነ ማጣቀሻ በብዙ ቦታ ያሳያል። እነዚህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አቅራቢው «አይቻልም» ማለት ያቅተዋል። እናንተም የምትጠይቁት ነገር በያዛችሁት ሶፍትዌር ውስጥ በሌላ ስም ተቀምጦ እንደሆነ አስቀድማችሁ ትፈትሻላችሁ። ማኑዋሉን ከፍቶ ያነበበ ጠያቂ ይከበራል።

10. ዋጋውን ከአቅራቢው በፊት እናንተ ጥሩት

ልልነት ያለ ዋጋ አይመጣም። አንዱ ሞተር በሁለት ተዋረድ ሲታይ የጥገና ወጪው ሁለት ጊዜ ይደመር ይሆን? መልሱን ጥያቄው ውስጥ ጻፉት፦ ወጪ የሚደመረው ዋና ተብሎ በተመረጠው ተዋረድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ለማየት ናቸው። ከአንዱ ተዋረድ ቅርንጫፍ ሲሰረዝ ሞተሩ ይጠፋል? አይጠፋም፤ ማጣቀሻው ብቻ ይነሣል፤ ሞተሩ የሚሰረዘው ከዋናው ብቻ ነው። የማሸጊያ ኃላፊ በክፍሉ ሥር ያለውን ማስተካከል ከተፈቀደለት ኮምፕረሰሩ በኪልን በኩል ስለታየ የኪልን ኃላፊም ያስተካክለዋል? ያያል እንጂ አይነካም።

ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ ቀለበትም አይረሳ። በአካልነት ተዋረድ «ሀ» የ«ለ» አካል፣ «ለ» ደግሞ የ«ሀ» አካል ሊሆን አይችልም፤ ሲስተሙ ይከልክል። በመመገብ ግንኙነት ግን ቀለበት ትክክል ነው፤ ከሁለት በኩል ኃይል የሚያገኝ የኤሌክትሪክ መስመር በብዙ ፋብሪካ አለ። እነዚህን ቀድሞ ያሰበ ጥያቄ ሲደርሰው ፕሮግራም አዘጋጁ ስለ አደጋው መከራከሩን ትቶ ስለ አሠራሩ ማውራት ይጀምራል።

11. ጥያቄው መፈተኛ ይኑረው

የሚሠራልኝ የአጻጻፍ መልክ አጭር ነው፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም።

«መመለስ ያልቻልነው፦ የኮምፕረሰር ክፍሉ ሲቆም የትኞቹ ማሽኖች ይቆማሉ? ዛሬ የምንመልሰው፦ ከሲስተሙ ውጭ በኤክሴል በተያዘ ዝርዝር፤ ዝርዝሩ ማሽን ሲቀየር አብሮ አይቀየርም። የሚያስከትለው፦ የኪልን መቆም ምክንያቱ በስህተት ይመዘገባል፣ የመለዋወጫ ግዢ ቅደም ተከተል ይዛባል። የምንፈልገው፦ ከአካልነት የተለየ ‹ይመግበዋል› የሚል ግንኙነት። መፈተኛው፦ ኮምፕረሰሩን ስንመርጥ የሚመግባቸው ማጣሪያዎች በየትኛውም ክፍል ቢሆኑ ይዘረዘሩ፤ የጥገና ወጪ ድምሩ ከበፊቱ አይለወጥ። የማንፈልገው፦ ኮምፕረሰሩ በየክፍሉ ተባዝቶ እንዲመዘገብ።»

የመጨረሻዋ መስመር ብዙ ጊዜ የምትዘለል ናት፤ ግን የምታድነው ነገር ትልቅ ነው። «የማንፈልገው» ካልተጻፈ አቅራቢው በቀላሉ የሚሰጠው መፍትሔ «መዝገቡን ኮፒ አድርጉ» የሚል ይሆናል። ኮፒ የተደረገ ማሽን የሥራ ትዕዛዙ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ታሪክ መልሶ ማዋሐድ ማሻሻያውን ከመሥራት ይከብዳል። መፈተኛው ደግሞ ሥራው ሲመጣ «ይህ አይደለም የጠየቅነው» እና «ይኸው ሠራንላችሁ» ከሚል ንትርክ ያድናል።

12. ለእያንዳንዱ ተዋረድ ባለቤት ሰይሙ

አምስት ተዋረድ መፍቀድ አምስት ጊዜ መንከባከብ ማለት ነው። አዲስ ሞተር ሲገጠም በምርት ዛፍ ይገባል፤ የኤሌክትሪኩን ማን ያስተካክላል? ባለቤት የሌለው ተዋረድ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእውነታው ይለያል። መለየቱን ደግሞ ማንም ስለማያውቅ ሰው ያምነዋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ተዋረዱን አምኖ ፓነል ያጠፋ ሠራተኛ የሚነካው ሞተር ከሌላ ፓነል ኃይል የሚያገኝ ከሆነ ጉዳዩ የሪፖርት ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄ ከመላኬ በፊት አንድ ሠንጠረዥ እሞላለሁ፤ ተዋረዱ፣ የሚመልሰው ጥያቄ፣ ባለቤቱ፣ በምን ያህል ጊዜ ወርዶ ከማሽኑ ጋር እንደሚያመሳክር። ትንሽ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡን ሲሞላ አንድ ዛፍና ሁለት ተጨማሪ መለያ አምድ እንደሚበቃው ይገነዘባል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ይቀራል፣ ገንዘቡም ይተርፋል። ትልቁ ፋብሪካ ደግሞ የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ተዋረድ እንጂ አምስት እንዳልሆነ ያያል። የባለቤቱ አምድ ባዶ የሆነውን ተዋረድ ከጥያቄው አውጡት፤ አቅራቢው በነፃ ሊሠራላችሁ ቢስማማ እንኳ አትቀበሉት።